የጠፈሩ መሪጌታ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 2። ከሰዓት

ዝናብ። መብራት የለም፤ ከጠዋት ጀምሮ። አባቴ፣ አባየ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ዝናቡን ያዳምጣሉ። የዓይናቸውን ጠብታ አደረግሁላቸው። ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ብርሃኑን አይመልስም። ይህን የጎንደሩ ሐኪም ነግሮናል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ግን ሰዓቱ ሲደርስ የሚያስታውሱኝ እሳቸው ናቸው።

ይርጋ መጣ። ደብተሬ፣ ይርጋን ገና አታውቀውም፤ አብሮ አደጌ ነው፤ መናኸሪያው ጀርባ «ራማ» የሚባል ምግብ ቤት አለው። ጃኬቱ እየተንጠባጠበ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ባ/ዳር ፊልም የሚጭን ልጅ አግኝቶለት። «ቆርቆሮው» ነው አለኝ። ሙሉው። መጨረሻውም።

 ይርጋ ሲወጣ አባየ ምን አመጣ አሉ። ፊልም ነው አልኩ። የምን ፊልም? ጠብታውን ወደ ቦታው ልመልስ ብዬ ተነሣሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 3። ጠዋት

አንተ የተገዛኸው ዘንድሮ ስለሆነ «ቆርቆሮው» ምን እንደሆነ አታውቅም። በአጭሩ ልንገርህ።

ልጅ ነኝ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመቱ ነው። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፤ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ። ቅዳሜ ማታ ሊቀ መንበሩ ቁልፉን ይዞ ይመጣል። ልጆች መሬት፣ ትልልቆቹ አግዳሚ ላይ። አንድ የውጭ ተከታታይ ፊልም አለ፤ ስሙን አንብቦ የያዘ የለም። ሰማይ ለሰማይ የሚሄድ መርከብ። ብርማ ልብስ የለበሱ አራት ሰዎች። ከእነሱ ጋር ከቆርቆሮ የተሠራ ሰውዬ፤ ሲራመድ ይንኳኳል። ለፊልሙ ስሙን ያሰጠው እሱ ነው። ሰዎቹ ሲደገፏቸው ቋጥኞቹ ይወዛወዛሉ። አውሬዎቹ ጀርባቸው ላይ ዚፕ አላቸው። ዚፑን ያኔም አይቼዋለሁ፤ ፈራሁ እንጂ አልሳቅሁም።

ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው። አዳራሹ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሰማ የለም። አባየ ተነሡ።

አባየ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ፤ ከዚያ ትርጓሜ ቤት። ሊመረቁ ጥቂት ሲቀራቸው አባታቸው ሞቱ። ትምህርቱን ትተው ፍ/ቤት፣ መዝገብ ክፍል ገቡ። ትርጓሜው ግን አልለቀቃቸውም። በትርጓሜ ቤት ወግ ለአንድ ንባብ አንድ ፍቺ አይበቃም፤ አንዱ ይሰጥና «አንድም» ተብሎ ሌላው ይቀጥላል። በዚያው ወግ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ተረጎሙልን። ቅዳሜ በቅዳሜ። የጠፈሩ መሪጌታ ተባሉ፤ ገበያ ውስጥ እስከ ዛሬም ስማቸው ይኸው ነው።

ፍቺያቸው እንዲህ ነበር። አራቱ የተገዘቱ ሰዎች ናቸው። ግዝታቸው የሚፈታው መርከቡ ውስጥ ያለውን ትልቅ ሳጥን አገራቸው ሲያደርሱ ነው። ሳጥኑ ውስጥ በባዕድ አገር የሞተው የአለቃቸው አባት አፅም አለ። ሰማይ በአባየ ትምህርት ሦስት ከተማ አለው፤ ኤረር፣ ራማ፣ ኢዮር። መርከቡ ኤረርን አልፎ ራማ ላይ ጠፍቷል። ይርጋ ምግብ ቤቱን «ራማ» ያለው ከዚያ ነው። በየደረሱበት ሳጥኑን አንቀበልም ይሏቸዋል። ሲወድቁ፣ ሲባረሩ፣ መንገድ ሲሳሳቱ፣ ከማይታይ ቦታ ብዙ ድምፅ ይስቃል። አባየ ይህን ሲፈቱ፣ አጋንንት ናቸው፤ የሰው መከራ ያስቃቸዋል አሉ። ሳቁ በመጣ ቁጥር አዳራሹ ያማትባል። ጎረቤታችን ወ/ሮ ጥሩዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ።

የመጨረሻው ዕለት አለቃው ሳጥኑን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ መብራት ጠፋ። በሳምንቱ ሌላ ፊልም ተጀመረ። ሰው አባየን መንገድ ላይ እያቆመ ሳጥኑስ ምን ሆነ ይላል። መልሳቸው አንድ ነበር፦ ያላየሁትን አልተረጉምም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 4

መብራት መጣ። አባየ ቅዳሴ ናቸው፤ ፍልሰታ ስለሆነ ከሰዓት ነው የሚመለሱት። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሦስት ክፍል አየሁ።

ኮሜዲ ነው።

ደግሜ ልጻፈው። ኮሜዲ ነው። አራቱ የቤት ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ሥራቸው አድራሻ መሳሳት ነው፤ ቀልዱም እሱ ነው፤ ሌላ ቀልድ አልጨመሩም። ሳጥኑ ቁም ሳጥን ነው። ያዘዘው ሰው ስለጠፋ የሚረከባቸው አጥተው ይዘው ይዞራሉ። ሳቁ ደግሞ የተመልካች ሳቅ ነው፤ ተቀድቶ የገባ።

የደ/ታቦር ሰው ለቁም ሳጥን ነው ያለቀሰው።

ልስቅ ነበር፤ ተወኝ። የሚገርመው ፊልሙ አሁንም ደስ ይለኛል። ቋጥኙ ሲወዛወዝ መለስ አድርጌ ደግሜ አየሁት። የአዳራሹ ሽታ መጣብኝ፤ እርጥብ ጋቢና ጭቃ። እንግሊዝኛ አስተማሪ የሆንኩት እዚያ ወለል ላይ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የሚለውን አንድ ቀን ራሴ እሰማዋለሁ ብዬ። ይኸው ሰማሁት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 5

ይርጋ ዕቅድ አለው። ፕሮጀክተር ተከራይቶ፣ ያኔ አዳራሽ የነበረውን ሰው ሁሉ ጠርቶ፣ የመጨረሻውን ክፍል ምግብ ቤቱ ውስጥ ሊያሳይ። በቡሄ ዕለት። አባየ የክብር እንግዳ። እኔ በማይክ አስተርጓሚ፤ «በትክክለኛው»። አይተኸዋል ወይ አልኩት። አላየም። ከሰው ጋር ሊያየው ቆጥቦታል።

አባየ ሰሙ። እንዴት አይሰሙ፤ ይርጋ ሹክ ሲል ጓሮ ድረስ ይሰማል። ቡሄን አልፈቀዱም። በፍልሰታ ፊልም? ጾሙ ይፈታና በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን አሉ። ነሐሴ 19 ሆነ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አንቺ ነሽ የምትተረጉሚው? አዎ አባየ። እሰይ አሉ፤ እስቲ በትክክሉ እንስማው። ደስ ያላቸው ይመስላል። የፈሩም ይመስላል። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ፊታቸውን ማንበብ ይቸግረኛል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8

እስከ መጨረሻው አየሁት። አለቃው ሳጥኑን ይከፍታል። ቆርቆሮው ውስጥ ተኝቶ ያንኮራፋል። ሳቅ። አለቃው መዝጊያውን ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። ሙዚቃ። አለቀ። ወደ አገር መመለስ የለም። አገርም የላቸው።

ነገሩን ላስቀምጠው። እንዳለ ከተረጎምኩ አባየ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሳቂያ ይሆናሉ። ዓይናቸው ከሄደ ወዲህ ሰው ቤታችን የሚያመጣው ይህ ስም ነው። መጥተው ይቀመጣሉ፤ የጠፈሩ መሪጌታ፣ እስቲ ያችን ክፍል ያስታውሱን ይላሉ። እሳቸውም ቀና ይላሉ። ያ ከቀረ ቀኑን ሙሉ መስኮትና ጠብታ ነው። አጣምሜ ከተረጎምኩ ደግሞ ተማሪዎቼ አሉ፤ ትክክለኛውን ጻፉ እያልኩ ማርክ የምቀንስባቸው። ይቅርብኝ ብል ይርጋ ሌላ እንግሊዝኛ የሚችል ይፈልጋል። እሱ ደግሞ ለአባየ ምን ዕዳ አለበት?

ይርጋ ደወለ። አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 12። ማታ

የቡሄ ዋዜማ። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሁለቴ መጡ። የሁለተኞቹ ግጥም አይገጥምም፤ ሙልሙሉን ግን ወሰዱ።

ወ/ሮ ጥሩዬ ለመጠየቅ ብቅ አሉ። አባየን በዕድሜ ስለሚበልጡ አንተ የሚሏቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። በሩ ላይ ስሸኛቸው ያኔ ለምን ያን ያህል ያለቅሱ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ደረቅ ጥያቄ ነው፤ አስተማሪ ነኝና። ቆም ብለው አዩኝ።

«ለአባትሽ ነዋ የማለቅስ! አላወቅሽም እንዴ ልጄ? አያትሽ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርደው ወባ በላቸው። ፍትሐት የለ፣ ካህን የለ፣ እዚያው በረሃ ቀበሯቸው። አባትሽ አፅማቸውን አምጥቶ ጋፋት ካባቶቻቸው ጎን ላሳርፍ እንዳለ መንገዱም ጊዜውም እንቢ አለው። ኋላማ እሱም ተወው፣ ሰውም ረሳው። ያን ሳጥን ሲያይ ጊዜ ግን፣ እንግዲህ ምን ልበልሽ…»

አያቴ ቆላ ወርደው እንደሞቱ አውቅ ነበር። እዚያው እንደቀሩ ግን የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ጋፋት ያሉትን ዘመዶች መቃብር በየዓመቱ ስናይ አንድ እንደሚጎድል መቁጠር ነበረብኝ። ወ/ሮ ጥሩዬ ጨምረው፣ ከአያቴ ጋር ያጭድ የነበረ ሰው አንበሳሜ እንዳለና አርጅቶ ግን በሕይወት እንዳለ ነገሩኝ። ከዚያ መንገዱ ያዳልጣል ብለው ሄዱ።

አባየ ማን ነበር አሉ። ወ/ሮ ጥሩዬ ናቸው አልኩ። ምን አለች? መንገዱ ያዳልጣል አልኩ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 15

ይርጋ ዘንድ ሄድኩ። አልተረጉምም አልኩት። አባየ ይተረጉማሉ፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሥዕሉን እነግራቸዋለሁ። ተኮሳተረ። ዲግሪ ያላት አስተርጓሚ እያለች? አዎ። ከዚያ ትንሽ አሰበና የሚመጣው ሰውም ለሳቸው ብሎ ነው አለ። ነጋዴ ነው፤ ቶሎ ይገባዋል።

ለአባየ ነገርኩ። ሥዕሉ የኔ፣ ፍቺው ያንቱ።  የጠብታውን ሰዓት የሚያስታውሱኝ መስሎኝ ነበር።

«ሥዕሉን አሳምረሽ እንዳትነግሪኝ» አሉ። «እንዳለ ንገሪኝ።»

እሑድ፣ ነሐሴ 20። ጠዋት

ትናንት ሆነ። ሳይጠፋብኝ ልጻፍ።

«ራማ» ሞልቷል። ወንበሩ አልበቃ ብሎ የቢራ ሳጥን ተገልብጧል። ሽማግሌው፣ አሮጊቱ፣ ያኔ መሬት የተቀመጥነው ልጆች፤ አሁን ቦርጫም ነን። ተማሪዎቼ ግድግዳው ሥር። ዝናቡ ቆርቆሮ ጣሪያውን ይወቅጠዋል። አባየ አዲሱን ጋቢ ለብሰው ከፊት። ላፕቶፑ እኔ ጉልበት ላይ፤ ከሱ በገመድ ወደ ፕሮጀክተሩ።

ሳቁ እንዳያሳጣን ብዬ ድምፁን ዘግቼ ጀመርኩ። ብልጠት ነበር። ገና መርከቡ ብቅ ሲል ከኋላ አንዲት አሮጊት አጋንንቱስ የት አሉ ብለው ጮኹ። ሌላውም ተከተለ። አጋንንቱን አምጡልን! ድምፁን ከፈትኩ።

ለአባየ ሹክ እላለሁ። አራት ሆነው ሳጥኑን ተሸክመዋል። አንዱ አዳለጠው። ቆርቆሮው አነሣው። አባየ ማይኩን ይዘው ይተረጉማሉ፦ አዳለጠው፤ ደክሞት ነው፤ አንድም፣ አፅሙ አገሩ እንደቀረበ አውቆ ከብዷል። ዓይናቸው ጨለማ ነው፤ ድምፃቸው ግን የዚያን ጊዜው ድምፅ ነው። 

ሳቁ መጣ። አሮጊቶቹ አማተቡ። ተማሪዎቼ ግን ሳቁ፤ ቀልዱ ገብቷቸዋል፤ አንዱማ ጮክ ብሎ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።  አባየ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ ድምፅ አዞሩ።

«ተዋቸው፣ ይሳቁ» አሉ በማይኩ። «አንድም፣ ሳቅ የገባው ሰው ነው የሚስቀው።»

ሁሉም ሳቀ፤ ያማተቡትም። ቀጠልን።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ያኔ አለቃው እጁን ሲዘረጋ ነበር፤ ዘንድሮ ገና ወደ ሳጥኑ እየሄደ ሳለ። ይርጋ ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ወጣ። ገመዱን ሲስብ ይሰማል፤ ጄኔሬተሩ ያስላል፤ አይነሣም። አባየ ሹክሹክታዬን ይጠብቃሉ። ምን ይታያል? አሉኝ።

ጨለማ ነው አባየ፤ መብራት ጠፋ።

«እ? ለሁላችንም?»

ለሁላችንም አልኩ። ማይኩን ሰጡኝ። ተነሡ። ያለ ማይክ ቀጠሉ።

አለቃው ሳጥኑን አልከፈተውም አሉ። የአባት አፅም መንገድ ላይ አይከፈትም። መርከቡን አዞረና ከራማ ወደ ኤረር፣ ከኤረር ወደ ጠፈር ወረደ። ከጠፈር በታች ደመና አገኘ፤ ከደመናው በታች የጉናን ጫፍ። በዚያ ምልክት ወርዶ መርከቡን ገብስ ማሳ ዳር አቆመው። ገብሱን አልረገጠም። ካህናቱ ወጡ። የማን አፅም ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ያውቅ ነበር። መቃብሩን ቆርቆሮው ቆፈረ፤ እሱ አይደክመውምና። ፍትሐቱ ተደረሰ። ጋፋት፣ ከአባቶቹ ጎን፣ ከወይራው ሥር አረፈ።

ወይራውን አውቀዋለሁ። የኛ ሰዎች የተቀበሩት ከሥሩ ነው።

አንድ ሰው አጋንንቱስ አለ። አፍረው ዝም አሉ፣ አሉ አባየ።  ወ/ሮ ጥሩዬ ከፍ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ፤ ከዚያ ወንዶቹም። እኔም። ይህን በግልጽ ልጻፈው፤ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ግን ከኔ በቀር ያየ የለም። መብራት ሲጠፋ የጠፋው ፕሮጀክተሩና ድምፅ ማጉያው ነው። ላፕቶፑ ክዳኑ ወደ እኔ ዘንበል እንዳለ በባትሪው እየሄደ ነበር። አባየ አፈር ሲያለብሱ ጉልበቴ ላይ ቁም ሳጥኑ ተከፈተ፤ ቆርቆሮው ያንኮራፋል። የላፕቶፑን ክዳን ዘጋሁት።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ይርጋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገብቶ እንቀጥል ወይ አለ።  ሰው ጋቢውን እያጣፋ፣ የአባየን ትከሻ እየሳመ ወጣ።

ቤት ስንሄድ ክንዳቸውን ይዣለሁ። ከመንገዱ ገሚስ ሲቀረን የእውነቱ እንዴት ነው ያለቀው አሉ።

ልክ አንቱ እንዳሉት ነው አልኩ።

«እሱማ አይሆንም። እኔ አሁን ነው የፈጠርኩት።»

ቆምኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንዳለ። የቤት ዕቃ ድርጅቱን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ማንኮራፋቱን።  ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደንግጬ ያዝኳቸው። እየሳቁ ነው። የሰው አጥር ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቁም ሳጥን! አሉ። ሳቁስ? የሰው ነው አልኩ፤ የተመልካች። አሰቡበት። ሳጥን ተሸክሞ በሚንከራተት ሰው የሚስቅ ሰው ነው? ታዲያ ከአጋንንቱ ብዙም አልራቅሁ አሉ።

ደጃችን ስንደርስ ሳቁ አልቆ ነበር።

«እኛ ግን ለባዶ ሳጥን አላለቀስንም» አሉ። በሩን በእጃቸው ፈልገው አገኙት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 22

ዝናቡ አባርቷል። ይርጋ ፍላሹን ልውሰድ ብሎ መጣ። እንግዲህ አንቺ አይተሽዋል፣ መጨረሻው መሪጌታ እንዳሉት ነው ወይ አለኝ። ራስህ እየው አልኩት። ፍላሹን እያገላበጠ ቆየና ይቅርብኝ ብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ጠብታውን ሳደርግላቸው ለአባየ ነገርኳቸው። ስለ መተማው። ወ/ሮ ጥሩዬ የነገሩኝን፣ የአንበሳሜውን ሰው። አልተቆጡም። ጥሩዬ አፏ አያርፍም አሉ። ሰውየውን ያውቁታል፤ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር፤ መርዶውን ያመጣው እሱ ነው። መቃብሩን በቦታው ሄዶ ካላሳየ በቃል የሚነገር አይደለም ብሎ ነበር። አባየ ግን አብረውት አልሄዱም። ያን ጊዜ እኔ ብቻዬን ነበርኩ አሉ።

አሁን ሁለት ነን አልኩ።

ስለዚህ፦ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና አንበሳሜ። ሰውየው መኪና ላይ መቀመጥ ከቻለ፣ መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አብረን ወደ መተማ። ለት/ቤቱ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ካልሰጡም እሄዳለሁ። የጋፋቱን ቄስ ከመስቀል በፊት አነጋግራለሁ።

አባየ ከውስጥ እየተጣሩ ነው። ጠብታው መስሎኝ ነበር፤ ሰዓቱ ገና ነው። አናጢውንም ነገ ንገሪው ይሉኛል፤ ሳጥኑ ትልቅ አይሁን፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አፅም ቦታ አይፈጅም።